መምህሬን በጥፊ የመታሁበት የጥር ጠዋት

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬላቸው ነበር። ገና «አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ ነበሩኝ» ከማለቴ «ማሚ፣ ዊ ኖው» ብለው ያቋርጡኛል። አያውቁም። እስከ መጨረሻው ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ምክንያቱም ውስጡ ቃሌን ያጠፍኩበት፣ ዝም ማለት በሌለብኝ ሰዓት ዝም ያልኩበት፣ መጨረሻ ላይም ልነካቸው በማይገባኝ ሰው ላይ እጄን ያነሳሁበት ጠዋት አለ። እናንተ ልጆቼ ስላልሆናችሁ እስክጨርስ ትታገሡኛላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ገና የገቡበት ጊዜ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሱዳን በኩል ዞሬ አሜሪካ ከገባሁ አንድ ዓመት አልሞላኝም። ጓደኛዬ ሶስናና እኔ አልባኒ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ፣ ከሳን ፓብሎ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተካፍለን እንኖራለን። ዳውንታውን ኦክላንድ ካለ የቢሮ ሕንፃ ካፍቴሪያ ውስጥ ሾርባ እቀዳለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ፣ ከእኩዮቼ ጋር ምላሴ አያርፍም ነበር። ትልቅ ሰው ፊት ስቆም ግን ያ ምላስ የት እንደሚገባ እንጃ። ያደግሁት አሰላ ነው፤ ልጅ አባቱ ሲናገር መሬት መሬቱን የሚያይበት ቤት ውስጥ።

ሚስተር ማታይን አሜሪካ ውስጥ ያገኘኋቸው እሁድ ቀን፣ ለቅዳሴ በምንከራየው አዳራሽ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ክራቫት ያሰሩ፣ ረጅምና ከሲታ፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሰውዬ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያንና የእኛ በእምነት እህትማማች ስለሆኑ መስቀል ሲሳለሙ ምንም አልተቸገሩም። ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት፤ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ሰር!»

ትንሽ አዩኝና፣ «አሰላ» አሉ። «ከኋላ ሁለተኛው ወንበር። በመስኮት ታያለሽ፣ ትምህርት አትሰሚም።»

በዚያን ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ አለው። ለእኔ የደረሱኝ ሚስተር ማታይ ነበሩ፤ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ። አገራቸው ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ የሚባል የባሕር ዳርቻ ነው። ያንን ዓመት ሙሉ ስለ ሌላ አገር ያስተማሩን አይመስለኝም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዳርቻውን በነጭ ጠመኔ ይስሉና፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን የሞንሱን ነፋስ በረጃጅም ቀስቶች ያሳዩናል። «ግንቦት ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞሮ ይቆማል» ይሉ ነበር። «የውሃው መልክ ይለወጣል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ጎትተው አሸዋ ላይ ይገለብጡታል። ከዚያ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል፤ ሙቅ ነው፣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይታጠቡበታል።» እኛን ያሳቀን ግን ሌላ ነገር ነበር። አሰላ ሰኔ ሲዘንብ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የእሳቸው አገር ልጆች ደግሞ ሰኔ ሲዘንብ አዲስ ጃንጥላ ይዘው ትምህርት ይጀምራሉ። ጥቅምት ላይ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል መብረቅ ያለበት ዝናብ ይመለሳል፤ ከታኅሣሥ በኋላ ግን ባሕሩ ይተኛል። «ጥር ላይ ሕፃን ልጅ በታንኳ ብትልክ አትሰጋም» ይሉን ነበር። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ አጥንቼ፣ ፈተና ላይ መልሼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ሳን ሆዜ ኢንጂነር ሆና የምትሠራው ልጃቸው ሱሳማ ዘንድ መጥተዋል። ከዚያ እሁድ በኋላ ሱሳማም እኔን ወደደችኝ፤ አባቷን የሚያውቅ ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት እየነዳች ታመጣቸዋለች። በጥር አጋማሽ ላይ ለሥራ ሳክራሜንቶ ሁለት ቀን መሄድ ነበረባትና እኔ ዘንድ ይሰንብቱ ብላ ለመነችኝ። መድኃኒታቸውን በትንሽ ቦርሳ አድርጋ ስትሰጠኝ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«ሳንባው ደካማ ነው፤ ባለፈው ዓመት ሊሞትብኝ ነበር። እንዳይበርደው። ደግሞ ባሕር ውሰጂኝ ይልሻል፤ ስድስት ወር ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነው የከረመው። እንዳትወስጂው። ፕሮሚስ ሚ።»

«አልወስዳቸውም» አልኳት። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ጥምቀት ነው። ቅዳሜና እሁድ ስላልሆነ ቤተ ክርስቲያናችን በዓሉን ወደ እሁድ አዛውሮታል። ጠዋት ስነሳ ሚስተር ማታይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ጥምቀት ነው» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ይህችን ግን በአማርኛ ነው ያሏት። «አሰላ ዛሬ ቤት የሚቀር ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ውሃ ይወርዳል። እኔም አሥራ አንድ ዓመት አብሬ ወርጃለሁ። እዚህ ባሕር ከቤትሽ በእግር የሚደረስ ነው፣ እኛ ግን ሶፋ ላይ ነን።»

«ሰር፣ ሱሳማ...»

«ሱሳማ የተወለደችው የት ነው? ከባሕሩ ሰላሳ እርምጃ ላይ። ቅርብ ቦታ ነው፣ እጄን ነክሬ እመለሳለሁ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «አይሆንም» የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ደርሳለች፤ እዚያው ቀረች። ወደ ማድ ቤት ገብቼ ሶስናን አማከርኳት። ለሥራ እየተጣደፈች ዳቦ ቆማ ትበላለች።

«አብደሻል እንዴ? ሱሳማ ኖ ብላሻለች አይደል? ደሞ በቲቪ ስቶርም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ዛሬ ይሁን ነገ እንጃ።»

«በጥምቀት ዝናብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«በቃ!»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሁለታችንም የምራችንን ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ሲዘንብ ከርሞ ያ ሳምንት ሰማዩ ጠርቶ ሰንብቷል። ጥር ማለት ደግሞ ለእኛ የጠራ ሰማይ ነው። ለሚስተር ማታይም እንዲሁ። የእሳቸውም ዳርቻ፣ የእኛም ደጋ፣ በአንድ ሰኔ የሚረጥቡ፣ በአንድ ጥር የሚደርቁ አገሮች ናቸው። እዚህ አገር ሐምሌ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሣሩ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውነቴ ግን አላመነም ነበር።

«ሱፐርቫይዘሬን ኮል አድርጊልኝ፤ ሲክ ናት በያት» አልኳት ሶስናን።

«በጥምቀት እኔን ታስዋሺኛለሽ» አለችኝ፤ ደወለችልኝ ግን።

ጃኬቴ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣን። ከሳን ፓብሎ ወደ ታች ወርደን፣ ሀይዌዩን በድልድዩ ተሻግረን፣ ከአንድ የፈረስ መሮጫ ኋላ ወዳለው ባሕር ዳር ደረስን። በቀስታ ስለሄድን መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። እዚያ ባሕሩ ዳር የፈረሰ ሕንፃ ኮንክሪት ሲደፋ ኖሮ፣ ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን መሬት ተሠርቷል። ጫፉ ላይ እንደ መድረክ ጠፍጣፋ የሆነ ትልቅ የኮንክሪት ንጣፍ አለ። ወደዚያ የሚያስኬደው መንገድ መሐሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ ያን ሰዓት ደረቅ ነበር፣ ውሃው በግራና በቀኝ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ተኝቷል።

ሚስተር ማታይ ቆም ብለው አየር ሳቡ። ፊታቸው በራ።

«ጨው!» አሉ። «ስድስት ወር ጨው አልሸተተኝም።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። ነፋስ ነበር፣ ለብ ያለ፣ ከደቡብ የሚመጣ። ሰማዩ በዚያ በኩል ነጭ ሆኗል።

«ከደቡብ?» አሉ ለራሳቸው። «በጥር?»

«ምን አሉ ሰር?»

«ምንም። ያልፋል።»

ወደ ጫፉ ስንሄድ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ የሆነ ነገር ዓይኔን ያዘው። በመንገዱ ዳር ባሉት ድንጋዮች ላይ እርጥብ የባሕር ሣር ተለጥፏል፤ እስከ ወገቤ ድረስ። ከዚያ በላይ ድንጋዩ ደረቅና ነጭ ነው። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ባሕር እንደሚሞላና እንደሚጎድል ያወቅሁት ከእሳቸው ትምህርት ነው። ቢሆንም ሞኝ አይደለሁም። ሣር በእግሩ ሄዶ እዚያ አይወጣም።

«ሰር፣ ይህ ሣር እዚህ ድረስ ምን አወጣው?»

«ነፋስ ይወረውረዋል» አሉ ሳያዩኝ። «በእኛ ባሕር ውሃው ቢሞላ ከጉልበት አይበልጥም። ነይ።»

ሄድኩ።

ጥቁር ውሻ የያዘ፣ ጢሙን ያሳደገ ፈረንጅ ከጫፉ ወደ እኛ እየተመለሰ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቆምን። ሰውየው ሰማዩን በአገጩ አሳየን።

«እኔ ብሆን አሁን ወደዚያ አልሄድም» አለ። «ውሃው እየሞላ ነው፤ ዛሬ የዓመቱ ትልቁ ሙላት ነው። ስቶርሙም እየደረሰ ነው። ይህ መንገድ ይጠፋል።»

ሚስተር ማታይ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «አመሰግናለሁ ጌታዬ። እኔ የተወለድኩት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ባሕርና ስለ ነፋስ አስተምሬያለሁ።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላል። ሣሩን አይቻለሁ። ነጩን ሰማይ አይቻለሁ። ለሱሳማ ቃል ሰጥቻለሁ። ግን በማላውቀው መንገደኛ ፊት አስተማሪዬን ላሳፍር? እንኳን ላደርገው፣ ማሰቡም ነውር መሰለኝ።

«አስተማሪዬ ናቸው» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። «ባሕር ያውቃሉ። ችግር የለም።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ውሻውን ጎትቶ አለፈን። ሚስተር ማታይ ትንሽ እንደቆሙ ቀሩ፤ ከዚያ ወደ ፊት ተራመዱ። ያንን መቆማቸውን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ንጣፉ ላይ የነበረን ግማሽ ሰዓት እውነቴን ነው የምላችሁ ደስ የሚል ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እግራቸውን ነከሩ። በጣም ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያውቁ እንደ ልጅ ጮኹ። በአውራ ጣታቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል ሠሩ፤ በእፍኛቸው ውሃ ቀድተው እኔ ላይ ረጩኝና ከልባቸው ሳቁ። አሰላ ውስጥ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሣሩንም ሰውየውንም ረሳሁ።

ዝናቡ ሳያንጠባጥብ ነው የመጣው፤ አንዴ ጠራርጎ ወረደብን። ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሊነጥቀኝ ደርሶ በሁለት እጄ ያዝኩት። ጫማቸውን አደረግሁላቸውና ለመመለስ ዞርን። ያኔ አየሁት። መንገዱ መሐሉ ላይ የለም። ሃያ እርምጃ በሚያህል ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ከግራ ወደ ቀኝ እየተገለባበጠ ያልፋል።

«ሰር፣ መንገዱ!»

«እንጠብቅ» አሉ። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ነበር። «የጥር ዝናብ መንገደኛ ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ፀሐይ።»

እሺ አልኩ። አያችሁ? አሁንም እሺ አልኩ። ቆመው በቀሩ ሁለት የኮንክሪት ቁራጮች መካከል አስቀምጫቸው ነጠላዬን በላያቸው ላይ አለበስኳቸው። ነጠላው በደቂቃ ውስጥ ረጥቦ ተለጠፈባቸው። ውሃው ንጣፉን መላስ ጀመረ። የባሕሩ ዳርቻ በዝናቡ ውስጥ አይታይም፤ ብንጮህ ማን ይሰማናል? እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ከነፋሱ በላይ ይሰማኛል። እጃቸውን በእጄ ውስጥ እያሻሸሁ ሱሳማን አስባለሁ። ሳክራሜንቶ ውስጥ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ሶፋ ላይ ሻይ የሚጠጣ መስሏት። ልገድልባት ነው። ይህን ቃል በቃል አሰብኩት።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ፀሐይ የለም።

ከዚያ መንቀጥቀጣቸው ቆመ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ተሻላቸው ብዬ፤ ብርዱ ሰውነትን ሲያሸንፍ አእምሮንም እንደሚያስት የነገረኝ ኋላ ሐኪሙ ነው። ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ደጋግመው የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ ኋላ ሱሳማን ስጠይቃት «ዝናብ» ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ መፍታት ያዙ።

«ሰር! ምን እያደረጉ ነው?»

«መጣ እኮ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ በደስታ። «ሰኔ ገባ። ጀልባዎቹን አላወጡም፤ ሂጂ ንገሪያቸው፣ ጀልባዎቹን ያውጡ። እንዴት ይሞቃል!»

ኮታቸውን አወለቁት፤ ነፋስ ወሰደው። ሸሚዛቸውን መፍታት ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝኩ። አጥንታቸው በረዶ ነው። ከሲታ ሰውዬ ናቸው፣ ግን በማላውቀው ጉልበት ገፍትረውኝ ተነሱ። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ መንገዱ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ሰፊው ባሕር ነው፤ እዚያ ላይ ለእሳቸው የሚታዩ፣ ለእኔ የማይታዩ ጀልባዎች አሉ። አንድ እግራቸው ውሃ ውስጥ ገባ።

«ይመለሱ!»

አልሰሙኝም። ሁለተኛውን እግር አነሱ።

በጥፊ መታኋቸው።

ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሙሉ እጄ፣ በሙሉ ኃይሌ፣ ሰሌዳ ላይ ዓለምን የሳሉልኝን ሰው። የገዛ አባቴን የመታሁ ያህል ሰውነቴ ተሸማቀቀ። ሚስተር ማታይ ጉንጫቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው ከሄደበት ተመልሶ እኔን አየ።

«እዚህ አሰላ አይደለም፣ እርስዎም አገር አይደለም» ብዬ ጮኽኩ፤ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ አላውቅም። «ተሳስተዋል! ሁለታችንም ተሳስተናል! አሁን እኔ የምልዎትን ያደርጋሉ!»

«እሺ» አሉ። በአማርኛ።

ነጠላዬን ጠምዝዤ በወገባቸው አዙሬ፣ ጫፉን በእኔ ወገብ አዞርኩ። ሦስት ቋጠሮ ቋጠርኩ። ጃኬቴን አልብሻቸው ወደ ውሃው ገባን። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቆረጠው። በእግሬ እየዳሰስኩ ነው የምሄደው፤ ከታች የኮንክሪት ስብርባሪና የተጣመመ ብረት አለ። ጉልበት፣ ጭን፣ ወገብ። ያ የባሕር ሣር እስከደረሰበት። መሐል ላይ አንድ ማዕበል በጎናችን መታን፣ የሚስተር ማታይ እግር መሬት ለቀቀ፤ ነጠላው ወገቤን ለሁለት የሚከፍለው እስኪመስለኝ ጠበቀ። ጮኽኩ። የምን ጩኸት እንደሆነ እንጃ፣ የእግዚአብሔርን ስምና የእናቴን ስም ደባልቄ ነበር። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው። ቋጠሮው አልተፈታም።

ከዝናቡ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ውሻው ነበር፤ ከኋላው ጢማሙ ሰውዬ። መመለሳችንን ስላላየ ስልክ ካለበት ሄዶ ለእሳት አደጋ ደውሎ፣ ራሱ ተመልሶ መጥቷል። እስከ ጭኑ ገብቶ የውሻውን ማሰሪያ ወረወረልኝ። ያዝኩት። ሲጎትተን አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ «ብዬሽ ነበር» እንኳ አላለም። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ይህም ይቆጨኛል።

አምቡላንስ ውስጥ የሕክምና ሠራተኛዋ፣ «ልጃቸው ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተማሪያቸው ነኝ» አልኩ።

ሱሳማ ተደውሎላት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደረሰች። ሐኪሙ አስቀድሞ አነጋግሯት ስለነበር ወደ እኔ ስትመጣ ሁሉንም አውቃለች። ከጎኔ ተቀመጠች፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ባሕር እንዳትወስጂው አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር። እምቢ ማለት አልቻልኩም። አስተማሪዬ ናቸው።»

አየችኝ። «እኔ አባቴን በቀን አምስት ጊዜ እምቢ እለዋለሁ» አለች። «እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው ለዚህ ነው።»

ቤት ሄጄ እንኳ ልብሴን መቀየር አልፈለግሁም፤ ሶስና ደረቅ ልብስ አምጥታ በግድ አስለበሰችኝ። ሳንባቸው ቆስሎ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ማሽን መተንፈስ አልቻሉም። እኔ ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሱሳማ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ አታናግረኝም። መሬቱን እያየሁ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይሞቱ። ይቅርታ እንኳ አልለመንኩም፣ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ሱሳማ በሩን ከፍታ፣ «ይፈልግሻል» አለችኝ። አብራኝ አልገባችም።

ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንሽ ሆነዋል። በሩ ላይ ቆምኩ፤ እንደ ድሮው ካልተፈቀደልኝ አልቀመጥም።

«ግቢ። በጥፊ መትተሽኛል?»

«አዎ፣ ሰር።» ዕንባዬ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«አልሜው እንደሆነ ለማወቅ ነው።» ለመተንፈስ ቆም አሉ። «ቁጭ በይ። እኔም የምነግርሽ አለኝ፤ ሱሳማ ፊት አልነግርሽም። ሣሩን አይቼው ነበር።»

«የትኛውን ሣር?»

«ድንጋዩ ላይ ያለውን። ከአንቺ በፊት ነው ያየሁት። የባሕር ዳር ልጅ አይደለሁ? ነፋስ እንዳልወረወረው አውቃለሁ። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ልቤ አልወደደውም ነበር። ያ ሰውዬ ሲናገር ልክ እንደሆነ አወቅሁ። ልመለስ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ለመመለስ እግሬን አንስቼ ነበር። አንቺ ግን ‹አስተማሪዬ ናቸው፣ ባሕር ያውቃሉ› አልሽው። እንዲያ ካልሽ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመለስ?»

መንገዱ ላይ ለአፍታ ቆመው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

«ብቻዬን ብሆን ኖሮ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እመለስ ነበር።»

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። እሳቸውን ያከበርኩ መስሎኝ መመለሻቸውን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ እኔ ፊት ላለማነስ ሲሉ እኔንም ይዘውኝ ሊሄዱ ነበር። ሁለታችንም ሣሩን አይተናል፤ ሁለታችንም ለሌላው ብለን ዝም አልን። የማላውቀው ሰውዬ ከነውሻው ባይመለስ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኛለሁ ብል ይጋነናል። ግን ያየሁትን እናገራለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ፊት ተናገርኩ፣ ቄሱ ፊት ተናገርኩ፣ ኋላ ያገባሁት ባሌ ፊትማ ምን ልበላችሁ፣ እሱን ጠይቁት። ብዙ ሰው «ድፍረትሽ በዛ» ይለኛል። ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲከራከሩኝ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ «ኖ፣ ዳትስ ሮንግ» ሲሉ፣ ጓደኞቼ ያፍሩልኛል፤ እኔም መጀመሪያ ፊቴ ይግላል። ከዚያ ያንን መንገድ አስብና እተዋቸዋለሁ። እናንተም ከምታከብሩት ሰው ጎን ቆማችሁ ልባችሁ የማይወደውን ነገር ካያችሁ፣ እባካችሁ ንገሩት። ምናልባት እሱም አይቶት የሚመለስበት ሰበብ እየጠበቀ ይሆናል።

ሚስተር ማታይ አገግመው፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ብለው በግንቦት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሱሳማ እኔን ለማናገር ዓመት ፈጅቶባታል፤ እውነቷን ነው። ለጻፍኩላቸው ደብዳቤ መልሳቸው ሐምሌ ላይ ደረሰኝ። ሰኔ እንዴት እንደገባ፣ የጎረቤት ልጆች በአዲስ ጃንጥላ እንዴት ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ አሸዋው ላይ ስንት ጀልባ እንደተገለበጠ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል። ከታች በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፤ «በላክሽልኝ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ስህተት አግኝቻለሁ። አንቺ በእኔ ውስጥ ስንት አገኘሽ?»

ሦስት አግኝቼ ነበር። ሦስቱንም ጻፍኩላቸው።